ምዕራፍ ሰባት፦ አትሮንሱና ዕቃ ቤቱ

ከጥምቀት ማግስት አንሥቶ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ፣ እንደዚሁም ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከቀትር በኋላ በባሕር ዳር ከተማ ወደ ጣና ዳርቻ የወረደ ሰው፣ በዘንባባውና በዋርካው ጥላ ሥር ሙሽሮችንና ሚዜዎችን፣ ከፊታቸውም ካሜራቸውን እንደ ያዙ የኋሊት የሚራመዱትን ፎቶ አንሺዎች ሳያይ አይመለስም። ሠርገኛው ወደ ድንኳኑ፣ እንግዳውም ወደየቤቱ ሲበተን፣ ፎቶ አንሺው ግን ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሶ ሚሞሪ ካርዱን ከካሜራው ያወጣና በኮምፒውተሩ ላይ ይሰካዋል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም በጠባያቸው ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ሥራዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ፎቶግራፉን ማረም፣ ይኸውም ብርሃኑን መመጠን፣ ቀለሙን ማቅናት፣ የማይፈለገውን መቁረጥ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ ኤዲት የሚሉት ነው። ሁለተኛው ማኖር ነው፤ ይኸውም የተነሣውም የታረመውም ሥዕል፣ እነዚያው ሙሽሮች አርጅተው የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሊያሳዩት በሚፈልጉበት ቀን ሳይጎድልና ሳይበላሽ እንዲገኝ አድርጎ መጠበቅ ነው።

ኮምፒውተር የሚሸጥ ነጋዴ ዘወትር የሚነግረን ስለ ፊተኛው ሥራ ብቻ ነው። ስለ ፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ግራፊክስ ካርዱ ብዙ ይተርካል፤ ገዢውም ከዚህ የተነሣ ገንዘቡን ሁሉ በፍጥነት ላይ ያፈስና ለማኖሪያው ከኪሱ የተረፈችውን ጥቂት ይመድባል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ማስረዳት ነው፤ ምክንያቱም ዘገምተኛ ኮምፒውተር የሚወስድብን ጊዜያችንን ሲሆን፣ ያልታሰበበት ማኖሪያ ግን የሚወስድብን ዳግመኛ ሊነሣ የማይችለውን ሥዕል ራሱን ነው።

የአንድ ፎቶግራፍ ክብደት

በሁለተኛው ምዕራፍ እንደ ተመለከትነው፣ በዲጂታል ካሜራ የተነሣ ሥዕል እጅግ ደቃቅ የሆኑ ነጥቦች በረድፍና በዐምድ ተሰልፈው የሚያቆሙት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚባሉት የሦስቱ ብርሃናት መጠን በቁጥር ተጽፎለታል። በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ ስለ ካሜራው ዐይን ስንናገር፣ ዛሬ በብዙ ፎቶ ቤቶች የሚሠራበት ካሜራ 24 ሜጋ ፒክስል ነው ብለን ነበር፤ ይኸውም በወርዱ 6,000፣ በቁመቱ 4,000፣ በጠቅላላው 24 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። አሁን እነዚህን ሁለት ነገሮች ብናጋባቸው የኮምፒውተር ምርጫ መሠረት የሆነው ሒሳብ ይገለጥልናል።

ካሜራው ጥሬ ፋይል በሚባለው አጻጻፍ ሥዕሉን በካርዱ ላይ ሲያኖረው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁጥር ብቻ ጽፎ እርሱንም አጥብቆ አጥፎ ስለሚያስቀምጠው ፋይሉ ከ25 እስከ 30 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል፤ ጄፔግ በሚባለው ይበልጥ በታጠፈው አጻጻፍ ከሆነ ደግሞ 10 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ነገር ግን ይኸው ሥዕል ለእርማት በተከፈተ ጊዜ የታጠፈው ሁሉ ይዘረጋል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም፣ ለእያንዳንዱም ቀለም ሁለት ባይት ስለሚያስፈልግ፣ 24 ሚሊዮን በስድስት ተባዝቶ 144 ሜጋ ባይት ይወጣል። በፎቶሾፕ ሌየር የሚባለውን ድርብርብ ገጽ እስከ ዐሥር ድረስ የሚደራርብ አራሚ፣ በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ከ1.4 ጊጋ ባይት በላይ ይይዛል ማለት ነው። እንግዲህ ተዘግቶ የተቀመጠው ሥዕልና ተከፍቶ የተዘረጋው ሥዕል በሚፈልጉት ስፍራ መጠን እጅግ የሚራራቁ መሆናቸውን በኅሊናችን እንያዝ።

የዚህን ነገር ታላቅነት ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ ወርዳቸው 24 ኢንች የሆኑ 50 ሳሕኖች ተነባብረውበት፣ በክብደቱም ከአንድ ቁም ሣጥን የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በጣና ዳር የተነሣች አንዲት ጥሬ ፋይል በዚያ ታላቅ መሣሪያ ላይ ልትገባ አትችልም ነበር።

አትሮንሱ

ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥቶ በጀልባ ብዙም ሳይጓዙ የሚደረስበት የክብራን ገብርኤል ገዳም በመጻሕፍቱ ብዛትና ጥንታዊነት የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ገዳም አንድ መጽሐፍ ሁለት ስፍራ አለው። አገልግሎት በማይሰጥበት ጊዜ ተዘግቶ፣ በቆዳ ማኅደሩ ገብቶ፣ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ሊነበብበት ወይም ከእርሱ ሊገለበጥ በተፈለገ ጊዜ ደግሞ ወጥቶ በአትሮንስ ላይ ይዘረጋል። ዕቃ ቤቱ ብዙ መቶ መጻሕፍት ሊይዝ ይችላል፤ አትሮንሱ ግን የሚችለው አንድ፣ ቢሰፋም ሁለት ነው። ዕቃ ቤቱ የሚመዘነው በስፋቱና በአስተማማኝነቱ ሲሆን፣ አትሮንሱ የሚመዘነው ለአንባቢው ዐይንና እጅ ቅርብ በመሆኑ ነው። ይህን ምሳሌ እስከ ምዕራፉ ፍጻሜ ይዘነው ብንጓዝ ኮምፒውተርን ለመምረጥ ሌላ ብዙ ምሳሌ አያሻንም።

ራም የሚባለው የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ አትሮንሱ ነው። አራሚው አንድን ፎቶግራፍ ከዲስክ ባስከፈተ ጊዜ ሥዕሉ በራም ላይ ይዘረጋል፤ ፕሮሰሰሩም፣ በገዳሙ ቁም ጸሐፊው እንደሚሠራ፣ በተዘረጋው ላይ እንጂ በተዘጋው ላይ አይሠራም። አትሮንሱ ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጸሐፊው አንዱን ለመክፈት ሌላውን እየዘጋ ወደ ዕቃ ቤት ይመላለሳል፤ ኮምፒውተሩም ራሙ ሲሞላበት የተረፈውን በዲስክ ላይ እየጻፈ መልሶም እያነበበ ስለሚመላለስ፣ ፈጣን የተባለው ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ፎቶ ቤት ውስጥ ማውሱ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩን ይወቅሳል፤ ይሁን እንጂ በብዙው ጊዜ በደሉ የራሙ ማነስ ነው።

ከላይ ያወጣነው ሒሳብ መጠኑን ያመለክተናል። ኮምፒውተሩ ራሱን ለማንቀሳቀስ፣ የማረሚያው ፕሮግራም ለራሱ፣ በጎን የተከፈተውም ኢንተርኔት ለራሱ እየወሰዱ ስለሚያሳንሱት፣ 8 ጊጋ ራም ለዚህ ሥራ ጠባብ ነው፤ 16 ጊጋ ሥራውን ያለ ብዙ ችግር ያስኬዳል፤ ብዙ ሌየር የሚደራርብና ሰፋፊ የአልበም ገጾችን የሚያቀናብር ሰው 32 ጊጋ ቢኖረው አይጸጸትም። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ በሌላ ስፍራ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ይልቁንስ ሲገዙ መመርመር የሚገባው በማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የራም ማስገቢያ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ባዶ ማስገቢያ ያለው ኮምፒውተር ዛሬ በ16 ተጀምሮ በሚቀጥለው የሠርግ ወቅት ማግስት ወደ 32 ሊያድግ ይችላልና።

ስለ ፕሮሰሰሩ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የተሠራ መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ ስድስት ወይም ስምንት ኮር ያለው፣ ለፎቶግራፍ እርማት ከበቂ በላይ ነው። ግራፊክስ ካርድም ለጌም ተጫዋቾችና ለቪዲዮ አቀናባሪዎች ዋና ነገር ሲሆን፣ ለፎቶ አራሚ ግን ጥቅሙ የተወሰነ ነው፤ በጨለማ የተነሣን ሥዕል ከሽርፍራፊ ነጥብ የሚያጠሩት አዳዲስ መሣሪያዎች በእርሱ ስለሚፋጠኑ፣ በሌሊት የሠርግ ድንኳን ውስጥ አዘውትሮ የሚሠራ ሰው መጠነኛ ካርድ ቢኖረው ያተርፋል።

እዚህ ላይ ምሳሌው ከነገሩ የሚለይበትን አንድ ስፍራ ማመልከት ግድ ይሆናል። በአትሮንስ ላይ የተዘረጋ መጽሐፍ ሻማው ቢጠፋ በስፍራው ይቈያል፤ በራም ላይ የተዘረጋ ሥዕል ግን መብራት በጠፋባት ቅጽበት ከነእርማቱ ይደመሰሳል። ይህ ነገር በእኛ አገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ስለ መብራት በምንናገርበት ክፍል እንመለስበታለን።

ዕቃ ቤቱ

በብዙ ገዳማት ዕቃ ቤቱ ከመቅደሱ ተለይቶ የሚሠራ ቤት ነው። ሻማ የሚበራበት፣ ዕጣን የሚታጠንበት፣ ሕዝብ የሚገባበትና የሚወጣበት ስፍራ ለእሳትም ለእጅም የተጋለጠ ስለ ሆነ፣ አባቶች የከበረውን ነገር ከሚሠሩበት ስፍራ አራቁት። የፎቶ ቤት ኮምፒውተርም እንዲሁ ሁለት ዲስክ ይገባዋል፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለማኖሪያ።

ለሥራው የሚመረጠው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር አካል የሌለበት ዲስክ ነው። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕንና በሳሕኑ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ የማንበቢያ ክንድ ስላለው፣ ሺህ ፎቶግራፎችን እየቀያየረ በሚያሳይ ሥራ ላይ ክንዱ በመመላለስ ይዘገያል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ከየትኛውም ስፍራ ወዲያው ያነባል። ነገሩን በቁጥር ብናየው፣ የአንድ ሠርግ 2,000 ጥሬ ፋይል በ30 ሜጋ ባይት ሲባዛ 60 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ ይህን ያህል ሸክም በሰከንድ 150 ሜጋ ባይት በሚያስተላልፍ ሃርድ ዲስክ ለማንበብ ወደ 7 ደቂቃ ሲፈጅ፣ በሰከንድ 500 በሚያስተላልፍ ተራ ኤስ ኤስ ዲ 2 ደቂቃ፣ ኤን ቪ ኤም ኢ በሚባለውና በሰከንድ 3,000 በሚያስተላልፈው ደግሞ 20 ሰከንድ ይፈጃል። እንግዲህ ፕሮግራሞቹና በእጅ ላይ ያለው የሰሞኑ ሥራ የሚቀመጡበት አንድ ቴራ ኤስ ኤስ ዲ ለመካከለኛ ፎቶ ቤት ይበቃል።

ለማኖሪያው ግን ሃርድ ዲስክ እስካሁን ከስፍራው አልተነቃነቀም። አንደኛ፣ በተመሳሳይ ገንዘብ ብዙ እጥፍ ስፍራ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ኤስ ኤስ ዲ ቁጥሩን የሚይዘው በረቂቅ ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙላት ስለ ሆነ፣ ከመብራት ተለይቶ ለረጅም ጊዜ በሣጥን ቢቀመጥ ሙላቱ ቀስ በቀስ ሊፈስስ ይችላል፤ የሃርድ ዲስክ ጽሑፍ ግን በመግነጢስ የታተመ ስለ ሆነ ሣጥን ውስጥ መቀመጥን ይበልጥ ይታገሣል። በዓመት 30 ሠርግ የሚያነሣ ሰው በላይኛው ሒሳብ 1,800 ጊጋ ባይት፣ ማለት 1.8 ቴራ ያከማቻልና፣ አንድ ባለ 4 ቴራ ዲስክ ሁለት ዓመት ያህል ይይዝለታል።

ከላፕቶፕ ይልቅ ዴስክቶፕ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። የዴስክቶፑ ሣጥን ተከፍቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲስክ ይገባበታል፤ የተበላሸው ፓወር ሰፕላይ በማናቸውም ጥገና ቤት ይለወጣል፤ ሰፊ ስለ ሆነም ሙቀቱን በቀላሉ ያስወጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝና በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ማቀዝቀዣው የሚያወጣው ሙቀት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ጠባቡ ላፕቶፕ ይህ ይበልጥ ይሰማዋል።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የሚመጡትን ዴስክቶፖች ቢገዛ ነውር የለበትም፤ ራም ጨምሮ አዲስ ኤስ ኤስ ዲ ቢያስገባበት ብዙ ዓመት ያገለግለዋል። ነገር ግን ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ለማኖሪያ አይገዛም። ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ ከላዩ አይታይምና። እንደዚሁም በርካሽ የሚሸጡ ፍላሾችና ኤክስተርናል ዲስኮች ውስጥ በላያቸው የተጻፈውን ያህል የማይዙ ሐሰተኞች ስላሉ፣ አዲስ የተገዛውን ዲስክ ሥራ ላይ ከማዋል በፊት እስኪሞላ ድረስ ፋይል ጽፎበት መልሶ እያነበቡ መፈተን ይገባል።

መጽሐፍ እንዴት ከጥፋት ይድናል

አሁን የምዕራፉ እምብርት ወደ ሆነው ነገር ደረስን። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ አንድ ዕቃ ቤት ነው፤ አንድ ዕቃ ቤት ግን፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ አይበቃም።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ እስከ ዘመናችን የደረሰው በግእዝ ብቻ ነው። በሌላው ዓለም ቁርጥራጩ ሲቀር፣ በእኛ አገር የተረፈበት ምክንያት አንድ ታላቅና የማይደፈር ዕቃ ቤት ስለነበረን አይደለም፤ ብዙ ገዳማት በየበኩላቸው እያስገለበጡ የየራሳቸውን ቅጅ ስለያዙ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጅ ይዞ አውሮፓ ሲደርስ የመጽሐፉ ሀብት ከአገራችን አልጎደለም፤ ቅጁ በየገዳሙ ነበርና። በአንጻሩ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው በመቅደላ አምባ ያከማቿቸው መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 ንጉሡ ሲሞቱ በአንድ ጊዜ ተዘረፉ፤ 350 ያህሉም በለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ቅጃቸው በሌላ ደብር የነበረላቸው መጻሕፍት ንባባቸው ከእኛ ዘንድ አልጠፋም፤ ሌላ ቅጅ ያልነበራቸውን ግን ሊያነብ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን የከበሩ ንዋያት ወደ ጣና ደሴቶች መሸሻቸውም የዚሁ ጥበብ ሌላው ገጽ ነው፤ ውኃ የሚለየው ስፍራ እሳት ቶሎ አይደርስበትም።

በእኛው ዘመን ይህ ሥራ በፎቶግራፍ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የግእዝ ሊቅ የነበረው ኤርንስት ሐመርሽሚት ወደ ጣና መጥቶ የደሴቶቹን ብራናዎች በማይክሮ ፊልም አነሣ፤ ዝርዝራቸውንም በ1973 ስለ ክብራን፣ በ1977 ስለ ደብረ ማርያምና ስለ ሬማ በመጽሐፍ አወጣ። በዚያው በ1973 ዓመት የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮ ፊልም የመሰብሰብ ታላቅ ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ደከሙበት። በዚህ ሥራ ውስጥ ለእኛ ለትምህርት የሚሆነው የፊልሙ አቀማመጥ ነው፤ አንዱ ቅጅ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ ተቀመጠ። ብራናው በገዳሙ፣ ፊልሙ በሁለት አህጉር፤ ሦስት ስፍራ ማለት ነው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ለፎቶ አንሺዎች ያስተማረው ሥርዓት ከዚህ ጋር ይስማማል፦ ሦስት ቅጅ ይኑር፤ ሦስቱ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከሥራው ቤት ውጭ ይቀመጥ። በባሕር ዳር ላለ ፎቶ ቤት ይህ እንዲህ ሊፈጸም ይችላል። አንደኛው ቅጅ በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው የማኖሪያ ዲስክ ላይ ነው። ሁለተኛው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ፣ ከተገለበጠ በኋላ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሣጥን ይቀመጣል። ሦስተኛው በሌላ ዲስክ ላይ ሆኖ፣ ከፎቶ ቤቱ ርቆ፣ በባለቤቱ መኖሪያ ወይም በዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ ኢንተርኔቱ የሚፈቅድለት ሰው ደግሞ በኢንተርኔት ማኖሪያ ላይ ያኖረዋል። የአንድ ሠርግ 60 ጊጋ ባይት በኢንተርኔት መስደድ ሌሊቶችን የሚፈጅ ከሆነ፣ ቢያንስ ተመርጠውና ታርመው ለአልበሙ የበቁት ጥቂት መቶ ጄፔጎች ይሰደዱ፤ በ10 ሜጋ ባይት ቢታሰቡ ለ300 ፎቶግራፍ 3 ጊጋ ባይት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ቅጅ ይነቀል ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ዲስኮችን አጣምሮ በአንዱ የተጻፈው ወዲያው በሌላውም እንዲጻፍ የሚያደርግ፣ ሬይድ የሚባል ሥርዓት አለ፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሥራው አይቋረጥም። ይሁን እንጂ ሰው በስሕተት የሰረዘውን ሁለቱም በአንድነት ይሰርዛሉ፤ ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ የገባ ቫይረስም ሁለቱን በአንድነት ይመታል። የተነቀለ ዲስክ ግን ከስሕተትም ከቫይረስም ከመብረቅም የተለየ ነው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር ይህ ልዩነት በቀላል የሚታይ አይደለም።

ብራናና ዲስክ የሚለያዩበት አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። በደንብ የተፋቀና በደንብ የተጠበቀ ብራና አምስትና ስድስት መቶ ዓመት ይቈያል፤ ገዳሙ መጽሐፉን በየትውልዱ ማስገልበጥ ግድ አይሆንበትም። ሃርድ ዲስክ ግን የሚሽከረከር ሞተርና ከሳሕኑ ገጽ ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ባነሰ ርቀት የሚንሳፈፍ የማንበቢያ ራስ ስላለው፣ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ሊታመን አይገባም። እንግዲህ ፎቶ አንሺው ከቁም ጸሐፊው ይልቅ አዘውትሮ መገልበጥ አለበት ማለት ነው፤ የማኖሪያ ገንዘብም አንድ ጊዜ የሚወጣና የሚያበቃ ሳይሆን በየጊዜው የሚመደብ ወጪ ነው።

ስለ ስክሪኑ እውነተኛነት

የማረሚያው ስክሪን ቢዋሽ እርማቱ ሁሉ ይዋሻል። ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እንደ ሆነ አራሚው ሳያውቀው ቢጫ ይጨምራል፤ ሥዕሉም ታትሞ ሲወጣ የሙሽራዋ ነጭ ነጠላ የወየበ ይመስላል። ስክሪኑ ከመጠን በላይ የሚያበራ እንደ ሆነ ደግሞ አራሚው ሥዕሉን ያጨልማል፤ በወረቀት ላይም የሰው ፊት ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ አይ ፒ ኤስ የሚባለው ዓይነት ስክሪን ይመረጥ፤ አንገት ዘወር ባለ ቁጥር ቀለሙ አይለዋወጥምና። ኤስ አር ጂ ቢ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን የቀለም መለኪያ ሙሉ በሙሉ ማሳየት የሚችል መሆኑም በመግለጫው ላይ ይመርመር። ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ፣ ስክሪኑን በመስኮት ትይዩ አለማቆም ይገባል፤ ከተቻለም ቀለም የሚያርመውን መለኪያ መሣሪያ ሁለትና ሦስት ፎቶ ቤቶች በማኅበር ገዝተው በየተራ ቢጠቀሙበት መልካም ነው።

በስፋቱ 24 ኢንች በቂ ነው። 1,920 በ1,080 የሆነ ስክሪን ያለው ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ያህል ስለ ሆነ ከአንድ ፎቶግራፍ ነጥቦች የሚያሳየን ዐሥራ ሁለተኛውን ክፍል ያህል ብቻ ነው፤ 2,560 በ1,440 የሆነውን ለመግዛት የቻለ ሰው ዝርዝሩን ለመመርመር ይቀለዋል።

መብራት፣ መብረቅና አቧራ

ባሕር ዳር የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ጎረቤት ናት፤ ሆኖም መብራት እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ ይጠፋል፣ ተመልሶ ሲመጣም አንዳንድ ጊዜ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣል። ቀደም ሲል እንደ ተናገርነው በራም ላይ ያለው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል፤ ከዚያ የሚከፋው ግን ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ መቋረጡ ነው፤ የፋይሎቹ ማውጫ በግማሽ ተጽፎ ሲቀር ያልተነኩት ፎቶግራፎች እንኳ የሌሉ ይመስላሉ። ዩፒኤስ የሚባለው፣ መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዩፒኤስ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢሰጥ ይበቃል፤ ያ ጊዜ ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል የሚታሰብ አይደለም። የዩፒኤሱ ባትሪ በሁለትና በሦስት ዓመት ስለሚደክም ገመዱን ከግድግዳው እየነቀሉ መፈተን ያስፈልጋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም በጣና ላይ የሚወርደው ዝናብ ከነጎድጓድና ከመብረቅ ጋር ነው። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ የመብራቱም የኢንተርኔቱም ገመድ ይነቀል፤ መብረቅ በሁለቱም ይገባልና። በበጋው ደግሞ አቧራው የማቀዝቀዣውን ክንፍ ስለሚደፍን ሣጥኑ በየሦስት ወሩ ተከፍቶ በነፋስ ማጽጃ ይጽዳ፤ ሣጥኑም ከወለል ከፍ ባለ ስፍራ ይቁም።

ገንዘቡ እንዴት ይከፈል

እንግዲህ አንድ ሰው የተወሰነ ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ፣ በእኔ ፍርድ፣ አስቀድሞ ማስላት ያለበት የሁለት፣ ሦስተኛው ቅጅም በዲስክ ከሆነ የሦስት፣ አዲስ ሃርድ ዲስኮችንና የአንድ ዩፒኤስ ዋጋ ነው፤ እነዚህ ከቀሩ ሌላው ሁሉ መሠረት የለውም። ከዚያ ቀጥሎ አይ ፒ ኤስ ስክሪን፣ ቀጥሎ 16 ጊጋ ራምና አንድ ቴራ ኤስ ኤስ ዲ፣ ቀጥሎ እነዚህን የሚሸከም መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ በመጨረሻም ገንዘብ ከተረፈ ግራፊክስ ካርድ ይምጣ። ነጋዴው ይህን ዝርዝር ሲያይ ከታች ወደ ላይ ሊያነብለት ይሞክራል፤ ገዢው ግን በመጣበት ቅደም ተከተል ይጽና።

ለመገልበጡና ለመመርመሩ ሥራ ደግሞ ዓመቱ ራሱ የተመቸ ጊዜ አዘጋጅቷል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሠርግ ስለማይደረግ ፎቶ ቤቶች ዕረፍት ያገኛሉ። በዚያ ሰሞን የተነቀሉት ዲስኮች ሁሉ አንድ በአንድ ተሰክተው ይከፈቱ፤ ከየፎልደሩ ጥቂት ጥቂት ፎቶግራፍ እየተመረጠ በሙሉ መጠኑ ይታይ፤ የፋይሎቹ ብዛት ከሌላው ቅጅ ጋር ይመሳከር፤ በዘመድ ቤት ያለውም ዲስክ መጥቶ ያለፈው ወቅት ሥራ ተጨምሮበት ይመለስ። በእያንዳንዱ ዲስክ ጀርባ ላይ የተገዛበት ዓመት በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ አምስት ዓመት የሞላው ሁሉ ወደ አዲስ ይገልበጥ፤ አሮጌውም ሌላ ነገር ሳይጻፍበት እንደ ትርፍ ቅጅ በሣጥኑ ይቈይ።